የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) መጠን ከፍ ማለቱ የልብ ነገር ነው ወይስ የቱቦው?

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዛሬ ንጋት አባቴን ደረቱን አፍኖት፣ ላብ አጥምቆት በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ግልጽ ነገር አላሳየም፤ የመጀመሪያው ትሮፖኒንም (ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ፕሮቲን) ደህና ነው። በደም ቆጠራው ላይ ግን የፕሌትሌቱ ብዛት 210,000 ሆኖ አማካይ መጠኑ 12.9 ፌምቶሊትር (እጅግ ትንሽ የይዘት መለኪያ) ተጽፏል። የላቦራቶሪ ባለሙያው «ትልልቅ ፕሌትሌት ደም ለማርጋት ይቸኩላል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲኖርም መጠኑ ከፍ ሊል ይችላል» ብሎ አስደነገጠን። ሐኪሙ ደግሞ «ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም» ብሎ ትሮፖኒኑ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንዲደገም አዘዘ። እየጠበቅን ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። መብራት ጠፍቶ ደሙ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚጨመር ኬሚካል) ባለበት ቱቦ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቷል፤ ፕሌትሌት ደግሞ እዚያ ውስጥ ሲቆይ ያብጣል። ታዲያ 12.9 የአባቴ ነው ወይስ የመዘግየቱ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ደሙ እንደገና ይቀዳ ብዬ ብጠይቅ ሐኪሙን መድፈር ይሆንብኛል?