የአያቷን ተረትና የአማርኛ መጽሐፍ ለ5 ዓመት ልጅ እንዴት ላድርስላት?

እናት ከሜሪላንድ፦
ልጄ 5 ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አያቷ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ተረቱም የቤተሰብ ታሪኩም ሞልቷቸዋል። በስልክ ሲያወሯት ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጥላ ትሄዳለች። የተረት መጽሐፍ ሳነብላትም ቃሉ ይከብዳታል። ከየት ልጀምር?

ተረት ወዳጅ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክይው። እናንተ ጋ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ደብረ ብርሃን ከሌሊቱ 9 ነው፤ ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ 10። ስለዚህ መደወሉን ለቅዳሜ ጠዋት አድርጊው፤ የመኝታዋን ተረት እማማ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላኩላት። ድምፁ የሚቀዳው እሳቸው ስልክ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ቢቆራረጥም አይበላሽም። ስልኩ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ አንዱ መልእክት ከ3 ደቂቃ አይለፍ። ዋናው ነገር፦ «ተረት ተረት» ብለው ትንሽ ዝም ይበሉ። «የላም በረት» የምትለው እሷ ናት። ያ ክፍተት ከሌለ ልጅቷ ትሰማለች እንጂ አትናገርም።

ስለ ቤተሰቡ ስትጠይቂያቸው «ስለ ልጅነትዎ ይንገሩን» አትበያቸው፤ «ደህና ነበር» ብለው ይዘጉታል። «ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር? እንስራውን ማን ያሸክምዎት ነበር?» በያቸው። የእናታቸውንና የአያታቸውንም ስም ያዢ። ስማችን በአባት በኩል ብቻ ስለሚወርድ ቀድሞ የሚረሳው የሴቶቹ ነው።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
መጽሐፉን ልጅቷ ሳትኖር አንዴ አንብቢው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ጅብ አለ» የሚለው ጅቡ ተናገረ ነው ወይስ ጅብ አለ እዚያ? ተረት ደግሞ በ«አለ» የተሞላ ነው። ሲጠብቅ «ለ» ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊበት። የከበደውን ቃል ቤት ውስጥ በምትሉት ለውጪው፤ ሦስተኛ ንባብ ላይ የመጽሐፉን መልሺ።

231ዱን ፊደል ባንዴ አታሸክሚያት። ከስሟ ፊደላት ጀምሪ። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ብቻ የያዘች ልጅ «ሂ»ን ለብቻዋ ብታሳዪያት ከ«ሀ» ተነስታ ካልቆጠረች አትለያትም።

ጠራዥ፦
የእማማን ተረት መጽሐፍ አድርጉላት። 4 የኤ4 ወረቀት መሀል ለመሀል ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። ከ5 ወረቀት ካለፈ የውስጦቹ ጠርዝ ወደ ውጭ ይገፋል። መጀመሪያ አጥፊና ገጹን ቁጥር ስጪ፤ ዘርግተሽ ከጻፍሽ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። እጥፋቱ ላይ በወስፌ 3 ቀዳዳ ብሺ። ክሩን ከውስጥ በመሀለኛው አውጪ፣ በላይኛው አስገቢ፣ በታችኛው አውጪ፣ በመሀለኛው መልሰሽ አስገቢና ቋጥሪው። ተራ ስቴፕለር እጥፋቱ ድረስ ስለማይደርስ ክር ይሻላል።

በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሥዕሉን ለእሷ ተይላት። ዓመተ ምሕረት ከጻፍሽ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለይተሽ ጻፊ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለው ኋላ የአያቷን ዕድሜ ያሳስታታል።