በወባ ጊዜ ፕላትሌት ለምን ይወርዳል? ጥገኛውን ይገድላል የሚለው ጥናትስ?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር
ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ በቅርቡ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ተገኝቶባቸው ሲታከሙ የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ቁጥራቸው 58,000 ነበር። ቤተሰቡ ፕላትሌት ይሰጣቸው ብሎ ቢጠይቅም ሐኪማቸው ወባው ሲታከም ቁጥሩ በራሱ ይመለሳል ብለው አልተቀበሉትም፤ እንዳሉትም ሆነ። በኋላ ሳነብ በአውስትራሊያ የሚሠሩት ተመራማሪ ብሬንዳን ማክሞራን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ፕላትሌት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን የወባ ጥገኛ እንደሚገድል የሚያሳይ ጥናት ማውጣታቸውን አየሁ። ፕላትሌት ደም ከማርጋት አልፎ ወባን የሚዋጋልን ከሆነ፣ በጨነቀን ሰዓት ቁጥሩ የሚያሽቆለቁለው ለምንድን ነው? ቢጨመርስ ለምን አይጠቅምም?

የላብራቶሪ ባለሙያ
በመጀመሪያ ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑ ይታይ። በአንዳንድ ሰው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ባለበት ባለወይን ጠጅ ክዳን ቱቦ የተቀዳ ደም ውስጥ ፕላትሌቶቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል፤ ስለዚህ የወረደ ውጤት ሲመጣ ስላይድ ሠርቶ በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በወባ ግን አብዛኛውን ጊዜ መውረዱ እውነት ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት ይኖረዋል፤ የአንዱም ዕድሜ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በወባ ጊዜ ያበጠ ጣፊያ በውስጡ ያስቀራቸዋል፣ ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈባቸው ይወገዳሉ፣ የነቁትም በትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ።

በነገራችን ላይ ጂምሳ የተባለ ቀለም በተቀባ ስላይድ ላይ ፕላትሌት ቀይ ሕዋስ ላይ ሲያርፍ ዙሪያውን ነጣ ያለ ክብ ስለሚያሳይ፣ ጀማሪ ቀለበት የሚመስለው የወባ ጥገኛ ይመስለዋል። ማክሞራን ያጠኑት ፕላትሌት በተጠቃ ሕዋስ ላይ መጣበቁ ግን እንዲህ ያለ የስላይድ አጋጣሚ አይደለም።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ
ማክሞራን ከተነሡ የ2012ቱን ጥናታቸውን መዝለል አይገባም። ፕላትሌቱ የተጠቃውን ሕዋስ ሲነካ ፒኤፍ4 የተባለ ፕሮቲን ይለቃል፤ ጥገኛውን የሚገድለው እሱ ነው። ሆኖም ፕሮቲኑ ሕዋሱን የሚይዘው ዳፊ በሚባል በቀይ ሕዋሱ ላይ ባለ ተቀባይ በኩል በመሆኑ፣ ተቀባዩ በሌለበት ግድያው አይካሄድም። ለአፍሪካ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ዳፊ ያለው ሰው እምብዛም አይገኝም፤ በእኛ አገር ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። የዳፊ አለመኖር ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ጥገኛ ወደ ሕዋሱ እንዳይገባ እንደሚከለክል ከ1976 ጀምሮ ይታወቃል፤ በኢትዮጵያ ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ላይም ቫይቫክስ መገኘቱ ሳይዘነጋ። እንግዲህ ከቫይቫክስ የሚጠብቀን ጉድለት በፋልሲፓረም ላይ ያለንን መሣሪያ ያሳጣን ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን የጻፉት በግምት ደረጃ ነውና እኛም ከዚያ አናሳልፈው።

ሌላም ገጽታ አለው፤ በአንጎል ወባ ጊዜ ፕላትሌት የተጠቁ ሕዋሳት በአንጎል የደም ሥሮች ላይ እንዲጣበቁ ያግዛል። በሕመሙ መጀመሪያ የጠቀመው ኋላ ይጎዳል ማለት ነው፤ ቢጨመር ይጠቅማል ብሎ መደምደም የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። አስፒሪን ፕላትሌትን ስለሚያዳክም ትኩሳት ያለበት ሰው ባይወስደው ይሻላል ማለት ነው? ፕላትሌት ስለ መስጠቱም ሐኪም ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ሐኪም
በ2009ኙ ጥናት አስፒሪን የተሰጣቸው አይጦች በወባ ለመሞት ይበልጥ ተጋልጠዋል፤ ይህ ግን የአይጥ ውጤት ነው። እኔ ምክንያቱ ላልታወቀ ትኩሳት አስፒሪንም ዳይክሎፌናክም የማላዝዘው በደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍና ለመድማት የሚያጋልጥ የቫይረስ ትኩሳት) ምክንያት ነው፤ በ2013 ድሬዳዋ ላይ የተከሰተውን ወረርሽኝ ማስታወስ ይበቃል። ፓራሲታሞል ይውሰዱ።

መስጠቱን በሚመለከት ጥሩ ማስረጃ ያለው በደንጊ ነው። በሲንጋፖርና በማሌዥያ ተሠርቶ በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ፣ ቁጥራቸው 20,000 እና ከዚያ በታች ለወረደ ነገር ግን ብዙ ለማይደሙ አዋቂዎች ፕላትሌት መስጠት መድማትን እንዳልቀነሰ፣ ጎጂ ምላሽን ግን እንዳበዛ አሳይቷል። በወባም ቢሆን ምንጩ ካልታከመ የተጨመረው በዚያው መንገድ ያልቃል። ከረጢቱም በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ እየተንቀሳቀሰ የሚቆየው 5 ቀን ያህል በመሆኑ፣ 58,000 ላላቸውና ለማይደሙ ሰው መስጠት ከሚደማ ሕመምተኛ መንጠቅ ነው። የአክስትዎ ሐኪም በትክክል ወስነዋል። ሕመምተኛው ከድዱ ወይም ከአፍንጫው ከደማ፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ።