«ኦሊቨር ትዊስት»ን ከዘመኑ ታሪክ ጋር አያይዞ ለመተንተን ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የቻርልስ ዲከንስን «ኦሊቨር ትዊስት» ከባህልና ከታሪክ አንጻር እንድተነትን ታዝዤ ረቂቄን ባቀርብ፣ መምህሬ «ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ የልቦለዱ ጭብጥ ነው፤ ሁለቱ አልተገናኙም» ብለው መለሱልኝ። ስለ ቪክቶሪያ ዘመን፣ ስለ ኢንዱስትሪ አብዮትና ስለ ለንደን ድህነት ያነበብኩትን ሁሉ አስገብቻለሁ። ከልቦለዱ ጋር እንዴት ላገናኘው?

ብራና፦ «የቪክቶሪያ ዘመን» የሚለው ለዚህ ሥራ እጅግ ሰፊ ነው፤ እንዲያውም ልቦለዱ በወርኃዊ መጽሔት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1837፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከመንገሣቸው ከአራት ወራት በፊት ነው። የዚያን ጊዜ አንባቢ የሚከራከርበት ጉዳይ በ1834 የወጣው አዲሱ የድሆች ሕግ ነበር። የሕጉ ዓላማ ጉልበት ያለው ድኻ በቤቱ ሆኖ የሚቀበለውን ድጎማ አስቀርቶ፣ ርዳታ ፈላጊው ወርክሃውስ ወደሚባለው መጠለያ እንዲገባ ማድረግ ሲሆን፣ በዚያም ባል፣ ሚስትና ልጆች ተለያይተው ያድራሉ፤ ኑሮውም ውጭ ካለው ዝቅተኛ የቀን ሠራተኛ ኑሮ የማይሻል እንዲሆን ታስቦበት ነበር። የኢንዱስትሪ አብዮቱን ይተዉት፤ በመጠለያ የተወለደው ባለታሪኩ ኦሊቨር የፋብሪካ ደጃፍ አልረገጠም።

መምህርት፦ እኔ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲነሡ እመክራለሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የኦሊቨር እናት ወልዳው እንደ ሞተች፣ ሐኪሙ ግራ እጇን ብድግ አድርጎ ያይና ነገሩ ያው የተለመደው እንደ ሆነ፣ የጋብቻ ቀለበትም እንደሌላት ተናግሮ ምግቡን ሊበላ ይሄዳል። ይህ ለዛሬ አንባቢ የአንድ ሰው ጭካኔ ብቻ ሊመስል ይችላል። የ1834ቱ ሕግ ግን ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ የማሳደጉን ሸክም በእናቲቱ ላይ ጥሎ፣ አባትየውን በሕግ መጠየቅ እጅግ አስቸጋሪ እንዲሆን ያደረገ ሲሆን፣ አንቀጹ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት በ1844 ተሻሽሏል። ስለዚህ ያ ባዶ ጣት የልቦለዱ ሴራ መነሻ ብቻ ሳይሆን አንባቢው በየጋዜጣው የሚያነበው ክርክርም ነበር። ሕጉን ከጥቅሱ ቀጥሎ፣ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ያስገቡት እንጂ የራሱን ገጽ አይስጡት።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ኦሊቨር ተጨማሪ አጥሚት የሚለምንበትን ቦታስ ለድሆቹ ረኃብ ማስረጃ አድርጌ ልጥቀሰው? የደራሲውን የልጅነት ችግርስ ላንሣው?

አንባቢ፦ የአጥሚቱን ቦታ ይጥቀሱት፤ ነገር ግን እንደ መንግሥት ሪፖርት አይቁጠሩት። በልቦለዱ ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ ቀጭን አጥሚት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሽንኩርት፣ እሑድ ደግሞ ግማሽ ዳቦ ይሰጣል፤ ሕጉን እንዲያስፈጽሙ የተሾሙት ኮሚሽነሮች ባወጡት የምግብ ሠንጠረዥ ላይ ግን ዳቦ፣ አይብና በአንዳንድ ቀን ሥጋም ነበረበት። ማጋነኑ ስላቅ ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባውም ስላቁ ማንን እንደሚወጋ ነው። ሆኖም ከእውነቱ ብዙም አልራቀም፤ በ1845 በእንግሊዝ በአንዶቨር ከተማ መጠለያ አጥንት እንዲወቅጡ የታዘዙ ድሆች ከረኃብ የተነሣ አጥንቱን ሲግጡ ተገኝተው አገር ጉድ ብሏል። አባቱ በዕዳ ታስረው ዲከንስ በልጅነቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ መሥራቱን በተመለከተ፣ ነገሩ በይፋ የታወቀው እሱ ከሞተ በኋላ በወጣው የሕይወት ታሪኩ ስለሆነ፣ የ1837 አንባቢ ልቦለዱን እንዴት እንደተረዳው አያስረዳዎትም፤ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ይበቃዋል።