ሌንስ አድርጌ ላንጋኖ ብዋኝ ምን ይሆናል?

ማይነስ_ስድስት፦

ሰላም ጓዶች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ላንጋኖ ልንሄድ ነው። ችግሬ ዓይኔ ነው። ሁለቱም ማይነስ 6፣ ግራው ላይ ትንሽ ሲሊንደርም (የአስቲግማቲዝም ቁጥር) አለው። ያለ መነጽር ሰውና ዛፍ አልለይም ስል እየቀለድኩ አይደለም፤ አንዴ ገንዳ ዳር የማላውቀው ሰውዬ ጓደኛዬ መስሎኝ ውሃ ረጭቼበታለሁ።

ስለዚህ በየወሩ የሚቀየረውን ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ነው የማደርገው። ባለፈው ወር ቢሾፍቱ ገንዳ ውስጥ ከነሌንሴ ዋኘሁ። ማታ ዓይኔ ደም መሰለ፣ ሌንሱም አልወጣም ብሎ ተጣብቆ አስለቀሰኝ። በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። ሌንሱን በሶሉሽን አጥቤ አሁንም እያደረግኩት ነው (አትሳደቡ)።

ከላይ የዋና መነጽር (ጎግል) ካደረግኩ ችግር አለው? ላንጋኖ ደግሞ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ይባላል፣ ታዲያ ከገንዳ አይሻልም? ከዋኘሁ በኋላ ሌንሱን በሃይላንድ ባጥበውስ?

የሰፈር_ዋናተኛ፦

እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ሌንስ አድርጌ ዋኝቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ዓይንሽን ጨፍነሽ ዋኚ በቃ። ሰው ያጋንናል።

ኦፕቶ_ጎንደር፦

የሰፈር ዋናተኛ፣ እንኳን ተረፍክ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። የደረሰበት ሰው ግን የሚከፍለው በዓይኑ ነው።

እህቴ፣ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ ዓይን ክሊኒክ ነው የምሠራው። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሌንስ በውሃ አይታጠብም። በቧንቧም፣ በሃይላንድም፣ ፈልቶ በቀዘቀዘም አይሆንም። ሃይላንድ ለመጠጥ ይሆናል እንጂ ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። ሆድ አሲድ አለው፣ የገባውን ይፈጃል። ዓይን ያ የለውም።

ለስላሳ ሌንስ ስፖንጅ በይው። ገንዳ ስትገቢ ውሃውን ካለበት ነገር ሁሉ ጋር ይመጥና ኮርኒያሽ (የዓይንሽ የፊት ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን) ላይ ለጥፎ ያስቀምጥልሻል። ያለ ሌንስ ብትዋኚ እንባሽ ያጥበዋል፣ ዓይንሽን ስታርገበግቢ ይወጣል። ማታ የተጣበቀብሽ ደግሞ በጨው ምክንያት ነው። እንባችን ጨዋማ ነው፣ ወደ 0.9 በመቶ ይጠጋል። የገንዳ ውሃ ጨው ከዚያ በጣም ስለሚያንስ ሌንሱ ይጠብና ኮርኒያው ላይ ይነክሳል። እንዲህ ሲሆን ቆንጥጠሽ አትጎትቺው፣ ኮርኒያውን ሊልጠው ይችላል። የዓይን ማርጠቢያ ጠብታ ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቂ፣ መንሸራተት ሲጀምር በሳሙና ታጥቦ በደረቀ እጅ አውጪው።

እኛን የሚያስፈራን አካንታሜባ የሚባለው ነው። አሜባ ሲባል ሁላችንም ሆዳችንን ነው የምንይዘው፣ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ቧንቧ፣ ታንከር፣ ሐይቅ፣ ገንዳ፣ አፈር፣ የትም አለ። ሁኔታው ሳይመቸው ሲቀር ጠንካራ ልባስ ሠርቶ እዚያ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ያኔ የገንዳ ክሎሪን አይበግረውም። ሌንስ ማጠቢያ ሶሉሽንም ቢሆን ሁልጊዜ አይገድለውም። ባደጉት አገሮች በዚህ ዓይናቸው ከታመመ 10 ሰዎች 8 ወይም 9ኙ ሌንስ የሚያደርጉ ናቸው።

ላንጋኖን በተመለከተ፣ ቢልሃርዚያ የሚገባው በቆዳ ነው፣ ከሌንስሽ ጋር አይገናኝም። ከእሱ ነጻ ሆነ ማለት ከሁሉም ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ደግሞስ የላንጋኖ ውሃ ራሱ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው፣ ሌንስ አድርገሽ ጠልቀሽ ምን ልታዪ ነው?

ጎግል ካላፈሰሰ ይረዳል። ግን ወይ ስትዘይ ይወልቃል፣ ወይ አንዱ ጓደኛሽ ይስበዋል። የግድ ሌንስ ካልሽ በየቀኑ የሚጣለውን አድርጊ፣ ከላዩ ጥብቅ ያለ ጎግል፣ ከውሃ እንደወጣሽ አውልቀሽ መጣል ነው። የሚሻለው ግን ማይነስ ያለው ጎግል ነው።

ባለፈው የዋኘሽበትን ሌንስ ዛሬውኑ ጣይው። ኬዙንም (ማስቀመጫውን)። አልተሳደብኩም።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

ኦፕቶ ያልከው ሁሉ እኔ ላይ ደርሷል። ከሁለት በጋ በፊት የሰፈራችን ገንዳ ውስጥ ከልጆቼ ጋር ስጫወት ዋልኩ፣ ደክሞኝ ስለነበር ማታ ከነሌንሴ ተኛሁ። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ቀኝ ዓይኔ መቅላት ጀመረ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ብርሃን መፍራት መጣ። መጋረጃ ዘግቼ ተቀምጬ እንኳን ልጆቹ ፍሪጅ ሲከፍቱ የፍሪጁ መብራት እንደ መርፌ ይወጋኝ ነበር። ሕመሙን በምን ልንገራችሁ፣ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ ምጡ ይሻለኛል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ሄርፐስ ነው አሉኝና የእሱን መድኃኒት ሰጡኝ። ሦስት ሳምንት ባከነ። ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ የጠየቀችኝ ሌንስ ታደርጊያለሽ ወይ፣ በቅርቡ ዋኝተሻል ወይ ብላ ነው። ከኮርኒያዬ ላይ ፍቃ ወስዳ ላብራቶሪ ላከችው፤ ያው አካንታሜባ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ጠብታ በየሰዓቱ፣ መጀመሪያ ሰሞን ሌሊቱንም ጭምር፣ ባለቤቴ አላርም እየሞላ እየተነሳ ያደርግልኝ ነበር። በአጠቃላይ ሰባት ወር ፈጀ። አሁን ድኗል፣ ግን ጠባሳ ትቶ ነው የሄደው፣ ማታ ስነዳ የመኪና መብራት ሲመጣብኝ በዚያ ዓይኔ የማየው ጭጋግ ብቻ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ ዓይኔ ቀላ ብላችሁ ከፋርማሲ ጠብታ አትግዙ። ዴክሳ (ስቴሮይድ ነው) ያለበት ከደረሳችሁ ቅላቱን ያጠፋላችኋል፣ ዳንኩ ትላላችሁ፣ አሜባው ግን ውስጥ ውስጡን ሥራውን ይሠራል።

ኦፕቶ_ጎንደር፦

ትክክል። የቤቱን ቴትራሳይክሊን ቅባት ጨምሩበት፣ ሁሉም መሳቢያ ውስጥ አለች፣ አሜባውን ግን አትገድለውም። ሌንስ የምታደርጉ ሰዎች ዓይናችሁ ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ከፈራ ሌንሱን አውልቃችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። እንደዚያ ሲሆን ግን ሌንሱንና ኬዙን እንዳትጥሉ፣ ይዛችሁት ሂዱ፣ ከእሱ ላይም ምርመራ ሊሠራ ይችላል።

ዱባይ_ፀሐይ፦

የእኔ ቀላል ነው። ጁሜራ ባህር ዳር ማዕበል መጥቶ የግራ ሌንሴን ይዞት ሄደ። አንድ ዓይና ሆኜ ነው ታክሲ የለመንኩት። የባህር ውሃ ጨው ስለሚበዛበት ሌንስ ይላላል እንጂ አይጣበቅም ብለው በኋላ ነገሩኝ። አሁን ማይነስ ጎግል አለኝ፣ ከስፖርት ዕቃ ቤት ነው የገዛሁት፣ ዋጋው ከሌንስ አይወደድም። ባለ 3.5 ነው።

የሰፈር_ዋናተኛ፦

እሺ ክሎሪን ከሩቅ የሚሸት ገንዳስ? እሱ እኮ ንጹህ ነው።

ኦፕቶ_ጎንደር፦

እሱን ነው መሸሽ ያለብህ። ያ ሽታ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነገር ነው። ዓይን የሚያቀላውም እሱው ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ያን ያህል አይሸትም።

የሰፈር_ዋናተኛ፦

ከሽንት ጋር??? አምስት ዓመት ሙሉ???

ማይነስ_ስድስት፦

ቨርጂኒያ፣ እግዜር ይማርሽ፣ አንቀጠቀጥሽኝ። ሌንሱንም ኬዙንም አሁን ጣልኩ። ኦፕቶ፣ ማይነስ ጎግሉ ለእኔ ቁጥር ይኖረዋል? ሲሊንደሩስ?

ኦፕቶ_ጎንደር፦

ተሠርቶ የሚሸጠው በየግማሹ ነው፣ 5፣ 5.5፣ 6 እያለ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 8 አለው። እዚህ ስፖርት ዕቃ ቤቶች ጠይቂ፣ ካጣሽ ከውጭ የሚመጣ ሰው ያምጣልሽ። አንዳንዱ ግራና ቀኙ ለየብቻ ይሸጣል፣ ዓይናችሁ እኩል ላልሆነ ይሄ ጥሩ ነው።

ሲሊንደር የለውም። ትንሽ ከሆነ ግድ የለም፣ ጋዜጣ ልታነቢበት አይደለም። መነጽርሽ 6 ከሆነ 5.5 ይበቃሻል። ጎግል ከመነጽር ይልቅ ለዓይን ስለሚጠጋ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው የሚመጥነው። በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ ነገሩ ሁሉ በሲሶ ያህል ገዝፎ ነው የሚታይሽ።

ጋሽ_መነጽር፦

ልጆች፣ የረሳችሁት አለ። ጠበል። የእህቴ ልጅ ከነሌንሷ ልትጠመቅ ተራ ይዛ አገኘኋትና አስወለቅኳት፣ መነጽሯን እኔ ይዤላት ቆምኩ። ጥምቀት ዕለት ሲረጭም ያው ነው። እምነታችሁን አልነካሁም፣ ሌንሱን ብቻ አውልቁ። ሶደሬና ወንዶ ገነት ስትሄዱም ሙቅ ነው፣ አሜባውን ይገድለዋል አትበሉ፣ ሰው የሚቀመጥበት ሙቀት ለእሱ ምቾት ነው። ቤትም ሻወር ስትገቡ ሌንስ የለም። በተለይ የታንከር ውሃ ስንት ቀን እንደቆመ ማን ያውቃል?

ማይነስ_ስድስት፦

እሺ ጋሼ፣ ሻወሩን አላሰብኩትም ነበር፣ በየቀኑ ነው የማደርገው። የእህቴ ባል ከዲሲ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፣ ባለ 5.5 ጎግል እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። ካልደረሰ ያለ ምንም እገባለሁ። ጓደኞቼ ሁሉም ቢጫ ኮፍያ እንዲያደርጉ አስምያቸዋለሁ፣ ደግሞ የሰው ሰውዬ ላይ እንዳልረጭ።