«ባድ ቢት»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ትናንት አንድ አባላችን «ባድ ቢት» ለሚለው የፖከር (የካርታ ቁማር) ቃል «መጥፎ ምት» የሚል ትርጉም አቅርቧል። ጥረቱ ደስ ይላል፣ እኔ ግን አልተስማማሁም። «ምት» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው የከበሮ ምት ወይም የልብ ምት ነው። እዚህ ላይ «ቢት» መሸነፍ ነው፣ ያውም የተለየ ዓይነት ሽንፈት፤ የተሻለ ካርታ ይዞ በመጨረሻ በደካማው መበለጥ።

ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ሀበሻ ስላለ የምለውን ከእናንተም የሚያውቀው አይጠፋም። አንድ ማታ በውድድር ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለት ኤስ፣ ማለትም ከጥንዶች ሁሉ ትልቁን፣ ይዘው ነበር። ፊት ለፊታቸው ያለው ወጣት የያዘው ሁለት ሰባት ነው። ጠረጴዛው ላይ ለጋራ ከሚዘረጉት አምስት ካርታዎች አንድም ሳይወጣ ሁለቱም ያላቸውን ቺፕ በሙሉ መሐል ገፉት፣ ካርታቸውም ተገለጠ። በዚያች ሰዓት ሽማግሌው ከአምስት አራቱን ጊዜ ያሸንፋሉ። ሦስቱን ካርታ ዘረጋሁ፣ ምንም የለም። አራተኛው ወጣ፣ አሁንም ምንም። ካልታዩት 44 ካርታዎች ውስጥ ልጁን የሚያድኑት ሁለቱ ሰባቶች ብቻ ናቸው፤ ሦስት ሰባት ሁለት ኤስን ይበልጣል። አምስተኛውን ገለበጥኩ። ሰባት!

ሽማግሌው አልጮሁም። ሁለቱን ኤሶች ትንሽ አየት አደረጓቸውና ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «አየህ አይደል?» አሉ። ከውድድሩ ከወጡ በኋላም መተላለፊያው ላይ ቆመው ያገኙትን ሰው ሁሉ እያስቆሙ ይህችኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ይነግሩት ነበር።

ያንገበገባቸው መሸነፉ ብቻ አይደለም፤ አሳምረው ተጫውተው መሸነፋቸው ነው። ለዚህ ነው «ዕድለ ቢስነት» የማይበቃው። ዕድለ ቢስ ያልነው ሰው ነገም ዕድለ ቢስ ነው፣ ስሙ ሆኖ ይቀራል። «ቀን ጣለኝ» ደግሞ በጣም ይከብዳል፤ ማጣትን፣ ከማዕረግ መውረድን፣ ሰው ደጅ መጥናትን የሚሸከም አነጋገር ነው። ለአንዲት ሰባት አይወጣም።

ልክክ የሚልልኝ «ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚለው ተረት ነው። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት የወተት ቅል ከእጄ አምልጦ ደፉ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንደተሰነጠቀ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ቅልና ድንጋይ ሲጋጩ ማን እንደሚሰበር ሁሉም ያውቃል፣ ግርምቱም እዚያ ላይ ነው። ደግሞ አስተውሉ፣ ተረቱን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ድንጋዩ ነው! ቅሉ ስለ ራሱ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። በፖከርም እንደዚሁ ነው፣ «ባድ ቢት» የተሸናፊው ቃል ነው፤ ደካማ ካርታ ይዞ በመጨረሻ ለወጣለት ሰው አድራጎት «ሰክ አውት» የሚባል ሌላ ቃል አላቸው። እናም የእኔ ሐሳብ «ቅል ሰበረኝ» እንበል ነው።

ከዚህ ጋር «ኩለር» እንዳይምታታ። ኩለር ሁለቱም ኃይለኛ ካርታ ይዘው አንዱ የግድ የሚወድቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም የፖከር ሲሪስ ዋና ውድድር አራት ኤስ የያዘ ተጫዋች በሮያል ፍላሽ፣ በፖከር ከሁሉ በሚበልጠው የካርታ ስብስብ፣ ተሸንፏል። እዚያ ላይ ቅል የለም፣ ድንጋይ ከድንጋይ ነው የተላተመው።

ከሽንፈቱ በኋላ ማማረሩንስ ምን እንበለው? አንዳንዶቻችሁ «ስሞታ» ብላችኋል። ስሞታ ግን የሚከሰስ ሰው ይፈልጋል፣ የሚሰማ ዳኛ ወይም ሽማግሌም ይፈልጋል። አቤቱታም ያው ነው። ሰባቷን ማን ይከሳታል? እኔንም እኮ አልከሰሱኝም፣ ያወጣኋት እኔ ሆኜ ሳለ። ብሶት ደግሞ ሲጠራቀም የኖረ ነገር ነው፣ አንድ ቀን ይገነፍላል። የዚያ ማታው ሽማግሌ ግን እሮሮ ነበር። እሮሮ ፍርድ አይጠይቅም፣ ጆሮ ብቻ ካገኘ ይበቃዋል፤ እኔም ካርታ እያደልኩ ስሰማው የኖርኩት ይህንኑ ነው። «የቅል እሮሮ» ብንለውስ?

ኮንከር የምትጫወቱ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ያሸነፋችሁ መስሏችሁ በመጨረሻዋ ካርታ ስትበሉ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው?