ባታም፣ ባቱ አጂ፦ «ርካሽ» ቤት ገዝቶ ለሠራተኛ ማከራየት ያዋጣል?

ዲራ_ማዶ፦
ሰላም ለቤቱ። ባለቤቴ የባታም (የኢንዶኔዥያ ደሴት) ልጅ ናት፤ እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ። ኑሯችን ዱባይ ነው፣ የተጋባነውም እዚሁ። የንብረት ውል ምናምን አልተፈራረምንም። ወንድሟ ባቱ አጂ ላይ፣ ወደ ታንጁንግ ኡንቻንግ ሺፕያርዶች (የመርከብ መሥሪያዎች) በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አግኝቶልናል። «ታይፕ 36/72» ይሏቸዋል፤ ቤቱ 36 ካሬ፣ ቦታው 72 ካሬ። አንዱን ስንመለስ ልንኖርበት፣ ሌላውን ፎቅ ጨምረን 6 ክፍል ኮስ ልናደርገው አስበናል (ለሠራተኛ በክፍል በወር የሚከራየውን ኮስ ይሉታል)። ዋጋው ባታም ሴንተር ከሚጠየቀው በጣም ይወርዳል። ምን ጉድ ይኖረዋል? አካባቢውን የምታውቁ አስረዱኝ።

ሐርበር_ፍሮንት፦
ስለ ዋጋው ከመደራደርህ በፊት ስንት ዓመት እንደቀረው ጠይቅ። ባታም ላይ መሬቱ ራሱ አይሸጥም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደሴቲቱ መሬት በልማት ባለሥልጣኑ እጅ ነው፤ ዛሬ ቤፔ ባታም ይባላል። ነዋሪው የሚይዘው በዚያ ላይ የተሰጠ የግንባታ መብት ነው፣ ሃጌቤ የሚሉት። ያው የእኛው ሊዝ ነው፤ እኛ ጋ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲሆን እዚያ ግን መጀመሪያ 30፣ ማራዘሚያው 20፣ ከዚያ እድሳቱ 30 ነው። ኡዌቴ የሚባለው የመሬት ክፍያ የ30ው ወይም የ20ው ዓመት በአንዴ ይከፈላል። ተመኑ በካሬ ሆኖ እንደ ሰፈሩና እንደ አገልግሎቱ ይለያያል።

እንግዲህ አስላው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተመራ ቦታ 30 ዓመቱ አልቋል ወይ ጫፍ ላይ ነው። ሻጩ ያረከሰልህ የማራዘሚያውን ክፍያ ላንተ ትቶ ሊወጣ ሊሆን ይችላል። ባንክም የብድሩን ዘመን ከቀሪው ዓመት አያሳልፍም፤ ነገ አንተም ስትሸጥ ገዢህ በዚሁ ይታሰራል።

ወንድሟ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፦ የኡዌቴ ደረሰኝ፣ የቦታ ምደባው ንድፍ (ፔኤል)፣ ከባለሥልጣኑ ጋር የተፈረመው ውልና የምደባ ውሳኔው፣ የሃጌቤ ካርታው፣ የዘንድሮ የግብር ደረሰኝ። የካርታው ማብቂያ ቀንና የኡዌቴው ማብቂያ ቀን ካልገጠሙ ምክንያቱን ሳታውቁ አትቀጥሉ። ሽያጭም ቢሆን ቤፔ ባታም የስም ማዛወሪያ ፈቃድ ሳይሰጥ አይሆንም። ፈቃዱ ሲወጣ ነው ፔፔአቴ (የመሬት ውል አዋዋይ) ፊት የሚፈረመው። በሕጉ የሻጭ ግብር 2.5 በመቶ ነው። ገዢ ነፃ የሚደረገው መጠን ከዋጋው ላይ ተቀንሶለት 5 በመቶ ይከፍላል። ደላላው «ሁሉንም ገዢ ነው የሚችለው» ቢል አትስማው።

የቦታውን ቁጥር ይዛችሁ የደን ካርታውንም አስፈትሹ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን ክልል ካርታ ባታም ላይ ሰው የሚኖርባቸውን መንደሮች ሳይቀር ከደን ጋር ደርቦ ብዙ ባለቤት ካርታው ላይ ተቸግሯል።

የውል_ሰው፦
የላይኛው ልክ ነው፣ እናንተ ግን ገና እዚያ አልደረሳችሁም። አሁን ባላችሁበት ሁኔታ ባለቤትህ ራሷም ሃጌቤ መያዝ አትችልም። በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣው የመሬት ሕግ ይህ መብት የኢንዶኔዥያ ዜጋና የኢንዶኔዥያ ድርጅት ብቻ ነው። ውል ሳይኖር ከጋብቻ በኋላ የተፈራ ንብረት የጋራ ይሆናል፣ ስለዚህ የውጭ ዜጋ እጅ አለበት ይባላል። በ1 ዓመት ውስጥ ለሚፈቀድለት ሰው ካልተላለፈ መብቱ ይጠፋል።

ድሮ ውሉ ከሠርግ በፊት ካልተፈረመ ነገሩ ያበቃ ነበር። በኦክቶበር 2016 የተነበበው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግን በጋብቻ ውስጥም መፈራረም ፈቅዷል። መጀመሪያ ዱባይ ላይ የተፈጸመውን ጋብቻ ለኢንዶኔዥያ አስመዝግቡ፤ አገር ከገባችሁ 1 ዓመት ሳይሞላ ነው። ቀጥሎ ኖታሪ ዘንድ የንብረት መለያየት ውል ትፈርማላችሁ። ውሉ በሲቪል ምዝገባ ቢሮው ይመዘገባል፤ ሙስሊም ከሆናችሁ በሃይማኖት ጉዳይ ቢሮው። ቤቱ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው የሚስተው ምዝገባውን ነው። ያልተመዘገበ ውል እናንተን ሁለታችሁን እንጂ ሦስተኛ ወገንን ስለማያስር ፔፔአቴው ይመልሳችኋል።

በራስህ ስም ልግዛ ካልክ ሃክ ፓካይ የሚባል የመጠቀም መብት አለ፣ ግን ለውጭ ዜጋ በየክፍለ ሀገሩ ዝቅተኛ የዋጋ ወለል ተቀምጧል፤ ታይፕ 36 አይደርስበትም። በኩባንያ እንዳይባል፣ የውጭ ዜጋ ኩባንያ ኢንቨስትመንት መሬትና ሕንፃን ሳይጨምር ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ መሆን አለበት። ለ6 ክፍል ኮስ ይህን ማሰብ ቀልድ ነው።

ድራይዶክ፦
እኔ ወደ ቤቱ ልግባ። ታይፕ 36 ፎቅ እንዲሸከም አልተሠራም። ኮለኖቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ሥራቸው ብሎኬቱን ማሰር እንጂ ጭነት መሸከም አይደለም። ፎቅ ካሰባችሁ አዲስ መሠረት ተቆፍሮ ራሱን የቻለ ኮለን መቆም አለበት፤ የጋራ ግድግዳው ላይ ሶሌታ ያሳረፈ ሰው የጎረቤቱንም ቤት ይሰነጥቃል። ፈቃዱ ዛሬ ፔቤጌ ይባላል፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የድሮውን የግንባታ ፈቃድ ተክቷል። ባታም ላይ ብዙ መንደር ኮረብታ ተቆርጦ ቀይ አፈሩ ረባዳው ላይ ተሞልቶ ነው የተሠራው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ ሙሌቱ እየወረደ ነው። መቃኑን በጠመንጃ መፍቻ ጎሸም አድርጉት፤ ቀለሙ ደህና ሆኖ እንጨቱ ከገባ ምስጥ ጨርሶታል። ስታድሱ አሉሚኒየም አድርጉ።

ውኃ፦ በታንጁንግ ኡንቻንግ በኩልና ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ ግፊቱ ይደክማል፣ ውኃ የሚመጣው ሌሊት የሆነበት መስመር አለ። 6 ክፍል ላይ 9 ሰው ቢገባ፣ በሰው 100 ሊትር ብትይዝ፣ በቀን ወደ 900 ሊትር ነው። መሬት ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ ሌሊት በራሱ ይሙላ፣ ከዚያ ዲናሞ ወደ ላይኛው ይግፋ። ዲናሞውን ከዋናው መስመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ክልክል ነው፤ የጎረቤትን ውኃ ከመሳቡ ሌላ ዝቃጭም ይስባል።

መብራት፦ 1,300 ቪኤ ቆጣሪ 6 አምፔር ነው። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ኤሲ ወደ 400 ዋት ይበላል። ሌሊት 3 ኤሲ እየሠራ ዲናሞ ሲነሳ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ተከራይ በ7 ሰዓት ሌሊት ይደውላል። ለሺፕያርድ ሠራተኛ ቬንትሌተር ያለው ርካሽ ክፍል ይሻላል፤ በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ግጠሙ። ለ6 ሞተር ሳይክል ማቆሚያም ተዉ፣ ያለዚያ መንገዱ ተዘግቶ ከሰፈሩ ሹም (ኤርቴ) ጋር ጭቅጭቅ ነው። አዲስ ተከራይም በ24 ሰዓት ውስጥ ለሱው ይነገራል።

ዋናው አደጋ ግን ባዶ ክፍል ነው። የሺፕያርድ ሰው በፕሮጀክት ነው የሚቀጠረው፤ መርከቡ ሲረከብ ንዑስ ተቋራጩ ሠራተኛውን ይበትናል። ነዳጅ በ2014 እ.ኤ.አ. አጋማሽ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ከነበረበት በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ሲወርድ ለያርዶቹ የሚመጣው የባሕር ላይ ነዳጅ ቁፋሮ ዕቃ ትእዛዝ ደረቀ፣ ያርዶች ተዘጉ፣ የዚያ ሰፈር ኮስም አብሮ ባዶ ሆነ። ወንድሟ አመሻሽ ላይ መስመሩን በእግሩ ይሂድ፤ «ዲኮንትራካን» (ይከራያል) የሚል ወረቀት ስንት በር ላይ እንዳለ ይቁጠር፣ ካርድ አልቆበት የሚጮኽ ቆጣሪ ካለ ሰው የለበትም ማለት ነው። በኔ ግምት ለኮስ ብቻ ከሆነ ሙካ ኩኒንግ ይሻላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ የተከፈተው የባታሚንዶ ኢንዱስትሪ ፓርክ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች እዚያ ናቸው፣ የሠራተኛው ፍሰት እንደ ያርዱ አይዋዥቅም። ቦታው ይወደዳል፣ ከፓርኩ ውስጥ የሠራተኛ ማደሪያ ጋርም ትወዳደራለህ።

ባይጠየቅም፦ ሬምፓንግ (ከባታም አጠገብ ያለች ደሴት) ላይ ርካሽ መሬት አለ የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጋው። በሴፕቴምበር 2023 ነዋሪውን ማንሳት ያስነሳውን ግጭት ዓለም አይቶታል።

ዲራ_ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሟ «ለጊዜው በኔ ስም ይሁንና የጎን ወረቀት እንፈራረም» እያለ ነው። ሻጩ ደግሞ ቀብድ በሲንጋፖር ዶላር ጠየቀ፣ ሌላ ገዢ አለ ብሎ እያጣደፈን።

የውል_ሰው፦
የጎን ወረቀቱን ተወው። የመሬት ሕጉ አንቀጽ 26 መሬትን በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ ለማስተላለፍ የተደረገ ስምምነት ፈራሽ ነው፣ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም አይመለስም ይላል። ወንድሟ ቅን ሰው ቢሆንም ነገ ቢሞት ወራሾቹ ያንን ወረቀት ይዘው አይመጡም። ለሱ የምትሰጡት ከሆነ ደግሞ ቤቱ የሱ ነው ብላችሁ ስጡ።

ቀብዱ በሩፒያ ይሁን፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ አገር ውስጥ ግብይት በሩፒያ እንዲሆን ማዕከላዊ ባንኩ ደንግጓል። ጋብቻውና የንብረት ውሉ ሳይመዘገቡ ከሰጣችሁ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ቤፔ ባታም የስም ማዛወሪያ ፈቃድ ከከለከለ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ፣ የማራዘሚያውን ኡዌቴ ማን እንደሚከፍል። ሻጩ ሁለተኛውን መጻፍ ካልፈለገ ያ የረከሰበት ምክንያት እሱ ነው።