ግራታን «ለማኝ አርበኛ» ነበር እንዴ?

ደብሊን ነኝ፦ ትናንት እዚህ አንዱ «ሄንሪ ግራታን እኮ ለማኝ አርበኛ ነው» ብሎ ሄደ። ንዴቴ አልበረደም። በ1782 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ ፓርላማ ከለንደን እጅ ወጥቶ የራሱን ህግ እንዲያወጣ የታገለ ሰው ለማኝ ተባለ?

ቡና በጨው፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ግን የተቀናቃኙ የሄንሪ ፍለድ ነው። በ1783 እዚያው ፓርላማ ውስጥ ፊት ለፊት ነግሮታል። 50 ሺህ ፓውንድ ወስዶ የለ እንዴ?

ደብሊን ነኝ፦ ፓርላማው ለውለታው የወሰነለት 100 ሺህ ነበር። ግማሹን አልፈልግም አለ። የትኛው ለማኝ ነው እንዲህ የሚል?

ቡና በጨው፦ ግማሹንስ ለምን በላ?

አባ ሙግት፦ ምስክራችሁ ፍላድ ነው? (ፍለድ አይባልም።) በ1775 የመንግሥት ሹመት ይዞ፣ በዓመት 3,500 ፓውንድ እየበላ አፉን የዘጋ ሰው! አርበኝነቱ ትዝ ያለው በ1781 ሲባረር ነው።

ቡና በጨው፦ ፍለድ በል ፍላድ፣ ጥያቄው ልክ ነበር። እንግሊዝ «ለአየርላንድ ህግ የማወጣው እኔ ነኝ» የሚለውን የድሮ ህግ ስለሰረዘች ነገ መልሳ አታወጣውም? «መብቱ የለኝም ትበል» አለ። በ1783 አለች። ግራታን ግን ስረዛው ይበቃል ባይ ነበር።

እትዬ ሙሉ፦ ልጆቼ፣ አብዛኛው ህዝብ ካቶሊክ ነው፤ እስከ 1793 ድምፅ እንኳ አይሰጥም። ግራታን ተሟገተላቸው፤ ያ የእናንተው ፍለድ ተቃወመ። እናንተ ሳንቲም ትቆጥራላችሁ።

ቡና በጨው፦ እትዬ፣ ርዕስ አይቀይሩብን።

ደብሊን ነኝ፦ እሺ፣ ጥር 1800ን ንገረኝ። ፓርላማው ራሱን አፍርሶ ከእንግሊዝ ጋር ሊዋሃድ ነው። ግራታን ታሞ፣ በሰው ተደግፎ፣ የፈቃደኛ ጦሩን ዩኒፎርም ለብሶ ገባ። መቆም አቅቶት ቁጭ ብሎ ተናገረ። ለማኝ እንዲህ ያደርጋል?

ቡና በጨው፦ ያን ቀን የተቀመጠበት የዊክሎ ከተማ የፓርላማ ወንበር በገንዘብ የተገዛ ነው። ከ50 ሺው ይሆን?

አባ ሙግት፦ ያኔ ያልተገዛ ወንበር የታለ? ውህደቱን ያሳለፉትስ በሹመትና በማዕረግ አልተገዙም?

ደብሊን ነኝ፦ እኔ በሐውልቱ በኩል ነው ሥራ የምሄደው። ኮሌጅ ግሪን ላይ፣ እጁን አንስቶ።

ቡና በጨው፦ የድሮው ፓርላማ አሁን ባንክ ሆኗል አይደል? ባንክ ደጃፍ እጁን ዘርግቶ ቆሟል በለኛ።

ደብሊን ነኝ፦ ሊናገር ነው ያነሳው!!

እትዬ ሙሉ፦ ሳቄ መጣ፣ ይቅር ይበለኝ።